ሁለቱ ዓመት ከየቱ ላይ ተነሣ?

ባለፈው እሑድ፣ ቡናው ገና አቦል ላይ ሳለ፣ የልጅ ልጄ ሁለት ዓመት ቀነሰችብኝ። እንደ ቀልድ ነው፤ በአንድ እጇ ፈንዲሻ እየዘገነች፣ በሌላው ስልኳን እየነካካች። «አባባ፣ በተበከለ አየር ምክንያት የዓለም ሕዝብ በአማካይ ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እንደሚያጣ ያውቃሉ?» አለችኝ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አስልተውት ነው አለች።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ያለ ደጋፊ ሰነድ ሣንቲም አይቀነስም። «ከየቱ ላይ ነው የተነሣው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ሁለቱ ዓመት ነዋ! ከጫፉ ነው ከመካከሉ?»

ልዩነት አለው እኮ። ከጫፉ ከሆነ ይውሰዱት፤ በሰላም ይሂድ። ጫፉ ላይ ያለው ዓመት ሌላው ቁርጥ ሲበላ አንተ መረቅ የምትጠጣበት፣ ካልሲ ለማጥለቅ ጎረቤት የምትጠራበት ዓመት ነው። ከመካከሉ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ 1963ንና 1964ን ነክተውብኝ ከሆነ፣ ጠብ ነው። የልጆቼን እናት ያገኘሁት ያኔ ነው።

ደግሞስ እኔ ትርፍ ያለኝ ሰው ነኝ። የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ 67 ዓመት ገደማ ነው ትላለች ራሷ። እኔ ሰባ ሰባት ደፍኛለሁ። አሥር ዓመት ከወጪ ቀሪ በእጄ አለ ማለት ነው። «ሁለቱን ከትርፉ ላይ ቀንሱና ሒሳቡን ዝጉ» አልኳት።

«እንደዚያ አይደለም የሚሰላው» አለች። እንዴት እንደሚሰላ ሳትነግረኝ ስልኳ ጮኸ፤ ተነሥታ ወጣች። የዘንድሮ ልጅ እንዲህ ነው፤ ዕድሜህን ቀንሶብህ ስልክ ያነሣል።

ልጅቷ የጤና ሳይንስ ተማሪ ናት። ትምህርት ከጀመረች ወዲህ በቤቴ ያልተከሰሰ ነገር የለም። ከሰሉ ተከሰሰ፤ ዕጣኑ ተከሰሰ። ባለቤቴ ማጨሻው ላይ ሁለት ፍሬ ዕጣን ጣል ባደረገች ቁጥር ልጅቷ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጇን ታነሣለች። እኔማ በዚህ ዕድሜዬ የመስኮት ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ።

ስለ አየር የማውቀው አንድ ነገር ነበር፤ አየር ጠላት ነው። በእኛ ጊዜ ሰው የሚታመመው በብርድ፣ በምችና በሰው ዓይን ነው። ለምች ዳማ ከሴ አለ፤ ለዓይን ጠበል አለ፤ የብርድ መድኃኒቱ ግን መስኮት መዝጋት ነው። ከሳሪስ ስታዲየም በሚመላለሰው ታክሲ ውስጥ፣ ሰው ከነእስትንፋሱ ታጭቆ፣ እኔን አልፎ መስኮት የከፈተ ጎረምሳ አልተወለደም። አሁን ሕጉ ተገለበጠ። ሽንኩርት ሲቁላላ ክፈቱ፤ ሲኖ ትራክ ሲያልፍ ዝጉ። ቡና ሲቆላ ክፈቱ፤ ጎረቤት ቆሻሻ ሲለኩስ ዝጉ። ጡረታዬ ላይ ግን አንድ ብር አልተጨመረም።

«ለመሆኑ ምንድን ነው ይሄ ከቤት ቤት የምታሳድጂው ነገር?» አልኳት አንድ ቀን። ደቃቅ ብናኝ ነው አለች። ደቃቅነቱን ስታስረዳኝ ከፀጉር ጋር አወዳደረችው፤ መላጣ መሆኔን እያየች። ከእነዚህ ብናኞች ሠላሳውን ጎን ለጎን ብትደረድራቸው የአንዲት ዘለላ ፀጉር ውፍረት ቢሆኑ ነው። አፍንጫ አይዛቸውም፤ ሳል አያወጣቸውም። የሳንባ መጨረሻ ድረስ ይወርዱና ከዚያ ደም ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ እኔ ጭስ የሳል ጉዳይ ነው ብዬ ስከራከር እሷ ልብ፣ ጭንቅላት ትለኛለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሰላው እ.ኤ.አ. በ2019 በደጅ አየር ብክለት ያለጊዜያቸው ከሞቱት 68 ከመቶ ያህሉ የሞቱት በልብ ሕመምና በስትሮክ ነው። የሳንባ ካንሰር የተባለው፣ ሁላችን የምንፈራው፣ 4 ከመቶ ነው።

ይሄን ስሰማ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ የነበረው ወዳጄ ትዝ አለኝ። ለሃያ ዓመት በዚያች ሱቅ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ከቃሊቲ የሚመጣውን የከባድ መኪና ናፍጣ ሲጠጣ ኖሮ፣ አንድ ጠዋት ስኳር እየመዘነ ወደቀ። ልቅሶው ላይ «ድንገተኛ ነው፤ ምንም አላመመውም» ተባለ። የሃያ ዓመት ድንገተኛ! ልጅቷ ግን ይሄንንም አላጸደቀችልኝም። «አንድን ሰው ነጥሎ ጭስ ገደለው ብሎ መፈረም አይቻልም፤ የሚታወቀው የብዙ ሰው ሲደመር ነው» አለች። የሚያናድደኝ እኮ ይሄ ነው። ወንጀሉ በጅምላ ይታወቃል፤ በችርቻሮ ይጠፋል።

ልኩ ስንት ነው? አልኩ። ለሁሉም ነገር ልክ አለው መቼም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የደቃቅ ብናኙ የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይላል። ቀድሞ 10 ነበር፤ ሰው ሲሞት ዝቅ አደረጉት። ከዓለም ሕዝብ 99 ከመቶው ከመመሪያው በላይ ነው የሚተነፍሰው። የአዲስ አበባ ደግሞ የመመሪያውን ብዙ እጥፍ ነው። አምስት ማይክሮ ግራም! የእኔ ባለቤት በአንድ በረካ ዕጣን የምታጨሰው የስንት አገር ኮታ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። እሷን ግን የሚናገራት የለም። ሁሉም ነገር የሚወራው ለእኔ ነው።

ከተማዋም ብትሆን አቀማመጧ ለጭስ የተመቸ ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላለች፤ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩም እንደ እኔ ዳገት ላይ ያለከልካል፤ ናፍጣውን በወጉ አብስሎ አይበላም፤ ጥሬውን ይተፋል። በበጋ ደግሞ ሌሊቱን ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛና ሞቃቱ ከላዩ እንደ ድስት ክዳን ይገጠምበታል። ሲነጋ የምጣዱም የማርሚታውም የቆሻሻውም ጭስ ከክዳኑ በታች አብሮ ይቁላላል። ጠዋት እንጦጦ ላይ ሆናችሁ ቁልቁል ብታዩ ከተማዋ ግራጫ ጋቢ ለብሳ ታገኟታላችሁ። እኔ ያንን ጭጋግ ነው እያልኩ ለስንት የክፍለ ሀገር እንግዳ አስጎብኝቻለሁ። «እዩት፣ እንዴት ያምራል!» እያልኩ።

የእኔ መንገድ የሳሪስ መንገድ ነው፤ ስለ መኪና የሚያስተምረኝ የለም። ነጭ ጭስ የሚያወጣ አለ፤ ሰማያዊ የሚያወጣ አለ፤ እሱ ዘይት ይበላል። ጥቁሩን የሚያወጣው ፖምፓው ወይ ኖዝሉ የሄደበት ነው። አንዱ አይሱዙ በየማለዳው ከቤቴ ፊት ለፊት ሞተሩን አስነሥቶ ለሩብ ሰዓት «ያሞቃል»። ማርሚታው ወደ እኔ መስኮት ዞሯል። መስታወቱ ላይ የዘንድሮ ቦሎ ተለጥፏል፤ ተመርምሮ አልፏል ማለት ነው። እኔ ደረቴን ለምርመራ ብቀርብ የማላልፈውን ፈተና ያ መኪና አልፏል።

መንግሥት ዝም አላለም፤ ይሄን ልካድ አልልም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጫነ። ስሰማ ደነገጥኩ፤ ዛሬ ባረጀ መኪና የጀመሩ ነገ በማን ይቀጥላሉ? በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከእንግዲህ አይገባም ተባለ፤ እንዲህ ያለ ክልከላ በማውጣት ከዓለም ቀዳሚዎች ነን። ጥሩ። አሁን በየመንገዱ የኤሌክትሪክ መኪና አለ። ጭስ የለውም፤ ድምፅም የለውም። በቀደም አንዱ ከኋላዬ እንደ ድመት መጥቶ ነጠላዬን ነካው። አይሱዙው እንኳ እንደሚገድለኝ ከሩቅ ያስታውቃል። በዚያ ላይ የድሮዎቹ የትም አልሄዱም፤ አዲስ ስለማይመጣ የነበረው እየተጠገነ ይኖራል፣ ልክ እንደ እኔ።

እስካሁን የቀለድኩት ስለ መንገዱ ነው። ስለ ማድ ቤቱ መቀለድ ያቅተኛል፤ እሱን ቶሎ ብዬ ልለፈው ብል አላልፍ አለኝ።

የእናቴ ማድ ቤት ጓሮ ነበር። ጣራው ተቃጥሎ የተረፈ ይመስላል፤ ጥቀርሻው ከወራጁ ላይ እንደ ጅራት ተንጠልጥሏል። ሦስት ጉልቻ፣ ከእንጦጦ በሴቶች ጀርባ የወረደ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ። (ባሕር ዛፍን እንዳልሰድብ ሌላ ነገር ይይዘኛል፤ አፄ ምኒልክ ማገዶ አልቆባቸው ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ ዛፉ ባይመጣ ዛሬ የማማርረው ከአዲስ ዓለም ሆኜ ነበር።) ቅጠሉ እርጥብ ሲሆን እሳቱ እሺ አይልም። እናቴ ትንበረከክና እፍ ትላለች፤ ጭሱ ብቻ ይወጣል። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ደግሞ እፍ። ታናሽ እኅቴ ጀርባዋ ላይ እንደታዘለች ናት። እኔ በር ላይ ቆሜ እንጎቻዬን እጠብቃለሁ፤ ጭሱ ሲመጣብኝ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። እሷ የምትሮጥበት አልነበራትም፤ ምጣዱ ተጥዷል።

ትስል ነበር። ማታ ማታ ይብስባታል። «ብርድ ነው» ትላለች። ሐኪም ዘንድ ስንወስዳትም ደረቷን አዳመጡና ብርድ ነው፣ ትሸፋፈን አሉን። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሳይሞላት ስታርፍ ድንኳኑ ውስጥ የተባለው ያው ብርድ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እሳት ዳር የኖረች ሴት! እሳት ዳር የተቀመጠ ሰው በብርድ ሞተ ብለን ቀበርናት፤ ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ «እንዴት?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም።

ይሄን ለልጅቷ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ስነግራት ስልኳን አስቀመጠች፤ ያም ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል አለችኝ፤ ከነሱ ውስጥ ከ237 ሺሕ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። እኔ የታናሽ እኅቴን መታዘል አሰብኩ። እሷ እንኳ በሕይወት አለች፤ ደረቷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ወናፍ ነው።

መፍትሔ አልጠፋም። ምርጥ ምድጃ የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርዳል፤ ላቀች የምትባለው የከሰል ምድጃ ከሰሉን ትቆጥባለች። በእኛ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከገባ ዘመን የለውም፤ ባለቤቴ ጭስ ሳይነካት ትጋግራለች። መብራት እስካለ ድረስ ነው ታዲያ። መብራቱ እንደ ኩሩ ዘመድ ነው፤ ሊጥ ተቦክቶ ሲያይ ይሄዳል። ያን ጊዜ ከሰሉ ከአልጋ ሥር ይወጣል፤ እኔም ወደ መስኮቴ።

አሁን ደግሞ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ፤ ካልተናገርኩ ልጅቷ ትናገርብኛለች። ኅዳር 12ን ታውቃላችሁ፤ ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ኅዳር ያ የዓለም ሁሉ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ ከተማዋን አራቆታት፤ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የተነሡት። ቀባሪ ጠፍቶ ነበር እያሉ አያቶቻችን ይነግሩን ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሚካኤል ቀን ሰፈሩ ይጠረጋል፤ የተጠረገው ይቃጠላል፤ በሽታ በጭስ ይባረራል። አምና እኔም እንደ ወጉ ከደጄ ከምሬ ለኮስኩ። ልጅቷ ከውስጥ ስትሮጥ መጣች፤ ቤት የተቃጠለ ነው የመሰለኝ። «አባባ! በሽታን በበሽታ ነው እንዴ የሚያባርሩት?»

«አባቶቻችን ያቆዩን ነው» አልኳት።

በእንጨት እሳቱን ቆሰቆሰችና አንድ በአንድ ታሳየኝ ጀመር። ፌስታል። የውኃ ፕላስቲክ። የጎረቤት ልጅ ዳይፐር። አንድ ጎማ ጫማ፣ የእኔው። «የ1911 ቆሻሻ ይሄ ነበር?» አለች። አልነበረም። ያኔ ቆሻሻ ማለት ገለባ፣ አመድ፣ የከብት ፍግ ነው። ዝም አልኩ። ደግሞ ዝም ያልኩት ስለተሸነፍኩ አይደለም፤ ጭሱ ጉሮሮዬን ይዞኝ ነው። ከዚያ አይሱዙውን አስታወስኩና አፈርኩ። አመድ በዱቄት ይስቃል ማለት እኔ ነኝ።

ይሄ ሁሉ ስንት እንደሆነ ማን ይለካል ብትሉ፣ ለብዙ ጊዜ በየሰዓቱ ቁጥሩን ለሰው ያሳዩ ከነበሩት አንዱ የአሜሪካ ኤምባሲ ነበር። የራሳቸውን ሰው ብለው የተከሉት ነው፤ እኛም በጎን እናይ ነበር። በየካቲት 2017 አሜሪካኖቹ በየአገሩ ካሉ ኤምባሲዎቻቸው የሚያወጡትን ልኬት ማሳየት አቆሙ። ልጅቷ ተበሳጨች። እኔ ደግሞ የተበሳጨሁት በሌላ ነው፤ የምተነፍሰውን አየር ቁጥር የጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ማየቴ ነው።

ወደ ሁለቱ ዓመት ልመለስ፤ ሒሳብ ተንጠልጥሎ አያድርም። ልጅቷ በሳምንቱ መጣችና ደብተር አወጣች። «አባባ፣ የአንበሳ አውቶብስ ውስጥ ሠላሳ ሰው ተቀምጧል እንበል» አለች። «ሃያ ዘጠኙ ምንም አልተነካባቸውም። ሠላሳኛው ሕፃን ነው፤ ገና ስድሳ ዓመት ይኖር የነበረ። ሕፃኑ ሞተ። ስድሳን ለሠላሳ ያካፍሉ።»

ሁለት።

«አማካዩ ሁለት ዓመት ነው» አለች። «ከእርስዎ ጫፍ ላይ ማንም ምንም አላነሣም።» ምሳሌ ነው፤ በሃምሳ ዓመቱ በስትሮክ የሚወድቅም አለ፣ ሁሉም ሕፃን ላይ አይወድቅም አለች። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 ከአየር ብክለት ጋር በተያያዘ ሞቱ ከተባሉት 8.1 ሚሊዮን ሰዎች ከ700 ሺሕ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። ያ የኮራሁበት 67ም እንደዚሁ ነው። አማካዩን ያወረደው በአብዛኛው የሽማግሌ ሞት ሳይሆን የልጅ ሞት ነው። አሥር ዓመት ትርፍ ያልኩት ትርፍ አልነበረም።

ይሄ እንዴት ሳይገባኝ ቀረ? እኔ አማካይ ማለት ምን እንደሆነ የማውቅ ሰው ነኝ እኮ። በሥራ ዘመኔ አንድ አለቃ ነበሩ፤ መኪናቸው ቤንዚን እንደ ግመል ትጠጣለች፤ ቅዳሜና እሑድም ጭምር። ኦዲተር ሲመጣ ምን አደርጋለሁ? የእሳቸውን ፍጆታ ከመምሪያው መኪኖች ሁሉ ጋር ደምሬ አካፍላለሁ። አማካዩ ደህና ይሆናል፤ ማን እንደጠጣው አይታይም። በገዛ ዘዴዬ ተያዝኩ።

ትናንት ጡረታዬን ልቀበል ታክሲ ተሳፈርኩ። መስኮቱ ጥግ ደረሰኝ፤ አጠገቤ አንዲት ልጅ እግር እናት ሕፃን ታቅፋ ተቀመጠች። ቀኑ ይሞቃል፤ አንዱ ጎረምሳ አስቀድሞ መስኮቱን ከፍቶታል፤ እኔም እንደ ድሮው መዝጋት ደክሞኝ ትቼዋለሁ። ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ተዘጋጋ። ከፊታችን አይሱዙ አለ፤ የኔው ይሁን የሌላ እንጃ፤ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ጥቁሩን ቡፍ ያደርጋል። ጭሱ ቀጥ ብሎ በእኔ መስኮት ገባ። ሕፃኑ ተኝቷል፤ አፉ ክፍት ነው፤ አንዲት ጡጫው የእናቱን ነጠላ ጨብጣለች።

መስኮቱን ጎትቼ ዘጋሁት።

«አባባ! ታፈንን እኮ!» አለ ጎረምሳው ከኋላ። «እኒህ ሽማግሌዎች!» አለች ሌላዋ። እንዳስረዳቸው አሰብኩ፤ ማይክሮ ግራሙን፣ አውቶብሱን፣ ስድሳ ሲካፈል ለሠላሳውን። ወያላው አንገቱን አዙሮ አየኝና ሳቀ። «አባባ፣ ብርድ ፈርተው ነው?»

«አዎ» አልኩት፤ «ብርድ ነው።»